ብረት የሚበላው ብናኝ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)




 እንደምታውቁት እኛ የተማርነው እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። መሐንዲስም ሐኪምም አይደለንም። ዕድሜያችንን የጨረስነው በዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሞዴል 19ና ሞዴል 22 ስንጽፍ ነው። ይሁን እንጂ ጸሐፊም ቢሆን ከሚጽፈው ነገር ይማራል። መዝገብ ላይ ያየነውን፣ ከባለሙያዎች ጠይቀን የተረዳነውን፣ እንዲሁም ዘግይቶ የገባንን ነገር ዛሬ እንነግራችኋለን።

ነገሩ ስለ ፋይበር ግላስ ነው። «ዕድር ላይ ፋይበር ግላስ ምን ያደርጋል?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም። ነገር ግን ከዚህ ከልደታ ማርያም ተነስታችሁ ወደ አብነት ወይም ወደ ጦር ኃይሎች ብትሄዱ፣ በየጋራዡ ጥግ የተሰበረ የሚኒባስ ባምፐር፣ የተሰነጠቀ የባጃጅ አካል ወይም የሚያንጠባጥብ የውሃ ታንከር ይዘው የሚታገሉ ልጆች ታያላችሁ። ልጆቹ የማን ናቸው? የእኛው ናቸው። በመዝገባችን ላይ በቤተሰብ ተራ የተጻፉ፣ ድንኳን ሲተከል ቀድመው የሚደርሱ ልጆች ናቸው። ሲመሽ ዱቄት የተነሰነሰባቸው መስለው ወደ ቤት ሲገቡ እናያለን። ዱቄቱ ግን የጤፍ አይደለም፤ የብርጭቆ ነው።

ነገሩን ከራሳችን ጥፋት እንጀምር።

በ1981 ዓ.ም. እኛ በአንድ ወርክሾፕ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርን። የወርክሾፑን ስም አንጠራውም። ያ ወርክሾፕ ቀድሞ የብረት በርና መስኮት ይሠራ ነበር። ኋላ የፋይበር ግላስ ታንከርና የመኪና አካል ሥራ ተጨመረበት። ቀድሞ አንድ ደርዘን የብረት መጋዝ ምላጭ ወሩን ይዘልቅልን ነበር። የፋይበሩ ሥራ ከተጀመረ ወዲህ ግን ደርዘኑ ሳምንት አይሞላም። ፑንታውም እንደዚያው። በስቶክ ካርዱ ላይ «ወጪ» የሚለው ዓምድ እየሞላ፣ «ቀሪ» የሚለው እየጎደለ ሄደ።

መቼም የግምጃ ቤት ጸሐፊ ተጠራጣሪ ነው። ምላጭ መርካቶ ይሸጣል፤ ኪስ ውስጥም ይገባል። «እያወጡ ይሸጡታል» አልን። ማስታወሻ ጽፈን ለኃላፊው አቀረብን። ምላጩን ፈርመው የሚወስዱት በዕድሜ ከእኛ ከፍ የሚሉ አንድ ሠራተኛ ነበሩ፤ ጋሼ እያልን ነበር የምንጠራቸው። ከደመወዛቸው 23 ብር ተቆረጠባቸው። ያን ጊዜ 23 ብር ብዙ ቀዳዳ ይደፍን ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ወደ ግምጃ ቤቱ መስኮት መጡና በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ባንኮው ላይ ዘረገፉት። አሮጌ ምላጮች ናቸው። «እስቲ በጣታችሁ ዳስሱት» አሉን። ዳሰስነው፤ ጥርስ የለውም፤ እንደ ማስመሪያ ለስልሷል። «ይኸን የበላው ፋይበሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ ብረት አልበላም» አሉ። እኛም ሳቅን። «ደንብ ደንብ ነው፤ ከእንግዲህ ወዲህ አሮጌውን እየመለሱ አዲሱን ይውሰዱ» አልናቸው። የተቆረጠውን ግን አልመለስንም። አንድ ማስታወሻ ከተጻፈ በኋላ «የፊተኛው ስሕተት ነበር» ብሎ ሌላ ማስታወሻ መጻፍ ለጸሐፊ ከባድ ነው። «እኛ» ስንል የግምጃ ቤቱን ሰዎች ሁሉ ማለታችን ነው፤ ፊርማው ግን የእዚህ ተናጋሪ ነበር።

ጥቂት ወራት እንዳለፈ ከተግባረ ዕድ የወጣ አንድ ወጣት የቶርኖ ባለሙያ ተቀጠረ። ተግባረ ዕድ መቼም እዚሁ ልደታ ውስጥ ያለ፣ ስንቱን የሰፈራችንን ልጅ ለሙያ ያበቃ ትምህርት ቤት ነው። ወጣቱ የምላጩን ወሬ ሰምቶ ወደ እኛ መጣና አንድ አዲስ ምላጭና አንድ የብርጭቆ ወረቀት አስፈርሞ ወሰደ። እዚያው ፊታችን ላይ የምላጩን ጥርስ በወረቀቱ ላይ ወዲያና ወዲህ አሸው። ከዚያም ሰጠን። ጥርሱ ደንዝዟል።

«የብርጭቆ ወረቀት የምንለው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን። «ላዩ ላይ የሚፍቅ ነገር ስለ ተለጠፈበት አይደል? የብርጭቆ ወረቀት ላዩ ብቻ ነው ብርጭቆ። ፋይበር ግላስ ግን ከላይ እስከ ታች፣ ከዳር እስከ ዳር ብርጭቆ ነው። ጋሼ ቀኑን ሙሉ ምላጩን በብርጭቆ ወረቀት ውስጥ ሲያመላልሱ ይውላሉ።» ቀጥሎም የተናገረው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። «ብረቱን እንዲህ የሚያደርገው ነገር ተፍቆ አየር ላይ ሲንሳፈፍ፣ የት የሚገባ ይመስላችኋል?»

እኛ የጠፋውን ምላጭ ቆጥረናል። ወደ ሰው ደረት የገባውን ግን አልቆጠርንም፤ ዓምድ አልነበረውምና።

ጋሼ ያን ጊዜም ያስሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ ጡረታ ወጡ፤ የዕድራችንም አባል ነበሩ። ሲያርፉ የቀበራቸው ይኸው ዕድር ነው፤ ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ እኛ ነበርን። ሐኪም ያላለውን አንልም፤ ብናኙ ገደላቸው ብለን አንናገርም። ነገር ግን በሕይወት እያሉ «ጋሼ፣ በድለንዎታል» አላልናቸውም። ድንኳን ሥር ቆሞ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው መልስ አያገኝም። ይህን ዛሬ ለመናገር ባለቤታቸውን አስፈቅደናል፤ እዚሁ በመካከላችን ተቀምጠዋል። «ተናገሩ፤ ግን የልብሱንም ነገር አትርሱ» ብለውናል። እንደርስበታለን።

የተከበራችሁ አባላት፤

አሁን ቁሱን በደንብ እንወቀው። ፋይበር ግላስ በአጭሩ የብርጭቆ ክር ነው። ብርጭቆ ቀልጦ በጣም በቀጠኑ ቀዳዳዎች ይሳብና ክር ይሆናል፤ አንዱ ዘለላ ከራስ ጠጉር በብዙ እጥፍ የቀጠነ ነው። ይህ ክር በፋብሪካ በብዛት መሠራት የጀመረው በአሜሪካ አገር በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ክሩ እንደ ጨርቅ ወይም እንደ ምንጣፍ ይዘጋጅና ሬዚን የሚባል ፈሳሽ ይጠጣል፤ ሬዚኑ ማጠንከሪያ ሲጨመርበት ይደርቃል።

ጭቃ ቤት የሠራ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጭድ ብቻውን ነፋስ ይወስደዋል። ሁለቱ ተቦክተው፣ ተረግጠው፣ ሲደርቁ ግን ስንት ክረምት የሚችል ግድግዳ ይሆናሉ። በፋይበር ግላስ ጭቃው ሬዚኑ ነው፤ ጭዱ ብርጭቆው ነው። ስለዚህ ነው ቀላል ሆኖ ጠንካራ የሆነው፤ ዝገትም አያውቅም።

በመሆኑም ይህ ሥራ የሚቀር አይደለም። ወደ አዳማ የሄደ ሰው ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች አይቷል። በ2004 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የመጀመሪያው ጣቢያ 34፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው ሁለተኛው ደግሞ 102 ማማዎች አሏቸው። አንዱ ማማ ሦስት ክንፍ አለው፤ ቁጥር ልማዳችን ነውና ብናባዛው 408 ክንፍ ይመጣል። እያንዳንዱ ከ35 ሜትር የሚበልጠው ክንፍ የተሠራው በዋናነት ከፋይበር ግላስ ነው። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አየር መንገዳችን ከአፍሪካ ቀድሞ ያስመጣው ድሪምላይነር አውሮፕላንም በክብደት ግማሽ ያህሉ የዚሁ ዘመድ በሆነ ቁስ የተሠራ ነው፤ እዚያ ላይ ጭዱ በአብዛኛው የካርቦን ክር ነው። እንግዲህ ልጆቻችንን «ይህን ሥራ ተዉት» ማለት አይቻልም፤ እንጀራቸው ነው። የሚቻለው «በዘዴ ሥሩት» ማለት ነው።

ለመሆኑ ምላጩ የሚያልቀው በብርጭቆው ሻካራነት ብቻ ነው ወይ? አይደለም፤ ሙቀትም አለበት። ብረት ሲቆረጥ ሙቀቱ በብረቱ በኩል ይሄዳል። ሬዚን ግን ሙቀት አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ሙቀቱ ሁሉ በምላጩ ጥርስ ላይ ይከማቻል። ጥርሱ ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ ጥርስ መቁረጡን ትቶ ይፈትጋል፤ ሲፈትግ ይበልጥ ይሞቃል፤ ሬዚኑም ይለሰልሳል፣ ይሸታል። ልጁ ደግሞ «አልቆርጥ አለ» ብሎ በጉልበቱ ይጫነዋል። በዚህ ጊዜ ብናኙ ይበዛል፣ የሥራው ጠርዝ ይፈረካከሳል፣ ምላጩም ይጣላል። ስለዚህ መሣሪያ የሚያባክን አሠራርና ደረት የሚጎዳ አሠራር አንድ አሠራር ነው። ሒሳቡ አንድ ነው፤ የሚጻፈው ብቻ በሁለት መዝገብ ነው።

መፍትሔውንም ከባለሙያዎች ጠይቀን በተራ ጽፈነዋል።

አንደኛ፤ ከሁሉ የሚረክሰው መላ ሳይደርቅ መከርከም ነው። ፋይበሩ ከሻጋታው ላይ ሆኖ ገና እንደ ቆዳ ሲሆን፣ ማለት ፈሳሽነቱ ቀርቶ ድንጋይነቱ ሳይጀምር፣ የተረፈው ጠርዝ በስለታም ቢላዋ ይቆረጣል። መጋዝ የለም፤ ብናኝም የለም ማለት ይቻላል። ጊዜው አጭር ነው፤ እንደ ማጠንከሪያው መጠንና እንደ አየሩ ሙቀት ይለያያል፤ ስለዚህ ጓንት አድርጎ እየነኩ መጠበቅ ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ጋሼ ነገ በመጋዝ የሚታገሉትን ዛሬ በቢላዋ መጨረስ ይችሉ ነበር። የነገራቸው ሰው ግን አልነበረም።

ሁለተኛ፤ ከደረቀ በኋላ የግድ የሚቆረጥ ከሆነ ለብረት በተሠራ ተራ ምላጭ አይሁን። ታንግስተን ካርባይድ የሚባል ጠንካራ ነገር ያለው ምላጭና ፑንታ አለ፤ ለጋዝ ብየዳ ከምናውቀው ካርባይድ ጋር በስም ይገናኛል እንጂ ሌላ ነው። ከዚያም የሚበልጠው የአልማዝ ዱቄት የተለጠፈበት ነው። ለሴራሚክ መቁረጫ የሚሸጠው፣ ዙሪያው ጥርስ የሌለው የአልማዝ ዲስክ ለዚህ ሥራ ያገለግላል። ዋጋው ከተራው ይበልጣል። ነገር ግን ተራው ምላጭ በጥቂት ቁራጭ ሲያልቅ፣ እርሱ ብዙ ሥራ ይጨርሳል። ርካሽ ዕቃ ገዝተን ስንት ጊዜ እንደ ገዛነው የማንቆጥር ሰዎች ነን።

ሦስተኛ፤ አለመጫን። መሣሪያው በራሱ ስለት ይሂድ። ሽታና ጭስ ከመጣ ስለቱ አልቋል ማለት ነውና ይለወጥ። በትራፓኖ ሲበሳም ከሥሩ ጣውላ ተደግፎ በደንብ ይታሰር፤ ፑንታው ሊወጣ ሲል እጅ ይቅለል። አለበለዚያ የኋለኛው ገጽ እንደ ሽንኩርት ይላጣል። ተቆርጦ ሲያበቃ ደግሞ ጠርዙ ሬዚን ይቀባ፤ የተቆረጠ ጠርዝ ውሃ ይጠጣል፤ ውሃ የጠጣ ፋይበር ዕድሜ የለውም።

አራተኛ፤ ብናኙ ሳይነሳ መያዝ። በእጅ የሚፈቀው ሁሉ በውሃ የሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት እየተባለ በሚሸጠው ይፈቅ፤ እርጥብ ብናኝ አይበርም። ማስጠንቀቂያ ግን አለን፤ ተራ የኤሌክትሪክ ግራይንደር ላይ ውሃ ማፍሰስ ሰው ይገድላል፤ ከብናኝ ሸሽቶ ኤሌክትሪክ ላይ መውደቅ ይሆናል። ለግራይንደር የሚሆነው ብናኙን ከሚቆረጥበት ቦታ ላይ የሚስብ መምጠጫ ማሽን ነው፤ አፉም ብናኙ በሚፈናጠርበት በኩል ተጠግቶ ይቀመጣል። ማጣሪያው ደቃቁን ብናኝ የሚይዝ መሆን አለበት። ለቤት ምንጣፍ የተሠራው ተራ መምጠጫ ትልቁን ይዞ ደቃቁን በጀርባው መልሶ ይተፋዋል። በማታ ሲጠረግም ወለሉ ይርጠብ፤ በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ ብናኙን እንደገና መቀስቀስ ነው።

አምስተኛ፤ ኮምፕሬሰር። ልጆቻችን ሥራ ሲያበቁ እርስ በርሳቸው በኮምፕሬሰር አየር ልብሳቸውን ሲያራግፉ አይተናል፤ ጨዋታም ይመስላቸዋል። የብርጭቆ ስባሪን ወደ ዓይንና ወደ ቆዳ በግፊት መንዳት ነውና ይቅር።

ስለ ጤናው የምንናገረው ሳናጋንን ነው። አንዳንድ ሰው «ፋይበር ግላስ እንደ አስቤስቶስ ነው፤ ካንሰር ነው» ሲል እንሰማለን። ልክ አይደለም። አስቤስቶስ በቁመቱ እየተሰነጠቀ፣ እየቀጠነ ሄዶ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ይቀመጣል። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሚውለው የብርጭቆ ክር ግን የሚሰበረው በወርዱ ነው፤ ያጥራል እንጂ አይቀጥንም፤ አብዛኛውም ወፍራም ስለሆነ በአፍንጫና በጉሮሮ ይቀራል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ተቋምም በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሰነድ ይህን ዓይነቱን ክር «ካንሰር ያመጣል ብሎ ለመመደብ በቂ ማስረጃ የለም» በሚለው ተራ አስቀምጦታል። ሬዚኑ እርጥብ ሳለ የሚሸተው ስታይሪን ግን በ2018 እ.ኤ.አ. ካንሰር የማምጣት ዕድሉ ሰፊ ነው ከተባሉት ጋር ተመድቧል። ስለዚህ ሬዚን የሚቀባው በርና መስኮት ተከፍቶ ነው።

ይህ ማለት ብናኙ አይጎዳም ማለት አይደለም። ቆዳን ይወጋል፣ ያሳክካል፤ ዓይንን ያቆስላል፤ ጉሮሮን ይከረክራል፤ አስም ያለበትን ሰው ያብሳል። ሲፈጭ ደግሞ ደቃቅ የሬዚንና የብርጭቆ ዱቄት አብሮ ይነሳል፤ ያን ዱቄት በየቀኑ ለዓመታት መሳብ ለማንም ደረት አይበጅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባላል። ብናኝም እንደዚሁ ነው፤ የመጀመሪያው ቀን ያስነጥሳል፣ ያስቃል።

እዚህ ላይ ስለ ወተት መናገር አለብን። በዚያ ወርክሾፕ ለፋይበር ሠራተኞች ወተት ይታደል ነበር፤ እኛው ነን ፈርመን የምናወጣው። «ወተት ብናኙን ያጥባል» ይባላል፤ ዛሬም ቀለም ቀቢውም፣ በያጁም፣ ፋይበር ሠራተኛውም ይህንኑ ያምናል። ወተት ምግብ ነው፤ የሚጠላው የለም። ነገር ግን የሚሄደው ወደ ሆድ ነው፤ ብናኙ የሚገባው ወደ ሳንባ ነው። መንገዳቸው የተለያየ ነው። ወተት ሰጥተናል ብለን ስናበቃ ኅሊናችን ዐረፈ፤ ክፋቱ ይህ ነበር። በዚያ ገንዘብ ደህና የአፍንጫ መሸፈኛ መግዛት ይቻል ነበር።

መሸፈኛውንም በኮሮና ጊዜ፣ በ2012ና በ2013 ዓ.ም. ሁላችንም ተምረነዋል። ሻሽ መጠምጠም ለዚህ ሥራ አይሆንም። ሰማያዊው ቀጭን ማስክም በጎንና በጎን አየር ያስገባል። የሚያስፈልገው ኤን 95 የሚባለው ወይም ከዚያ የሚሻለው፣ ፊት ላይ ተጣብቆ የሚቀመጥና ማጣሪያ ያለው ነው። ረዥም ጢም ላይ አይገጥምም። ከመሸፈኛው ጋር የዓይን መነጽር፣ ጓንትና እጅጌው ረዥም የሆነ ልብስ ይደረግ። ቆዳ ላይ የተሰካውን አለማከክ ነው፤ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ሳያሹ መታጠብ ይሻላል። ዓይን ውስጥ ከገባ ለብዙ ደቂቃ በንጹሕ ውሃ ማጠብና ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ማጠንከሪያው ዓይንን ያጠፋል፤ ማፋጠኛ ከሚባለው ፈሳሽ ጋርም በቀጥታ ከተቀላቀለ ሊፈነዳ ይችላልና ሁለቱ ለየብቻ ይቀመጡ።

አሁን የጋሼ ባለቤት ወዳዘዙን ነገር ደረስን። እንዲህ ብለው ነግረውናል። «የሥራ ልብሱን ከልጆቹ ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ ዘፍዝፌ አጠብሁ። ልጆቹ ሌሊቱን ሲያኩ አደሩ። ቁንጫ መስሎኝ ቤቱን ሁሉ አወጣሁት፤ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ቁንጫ አላገኘሁም። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ።» እናቶች ሆይ፤ የፋይበር ሠራተኛ ልብስ ለብቻው ይታጠብ፤ ሳፋውም ከታጠበ በኋላ በደንብ ይለቅለቅ። ከሁሉ የሚሻለው ልጁ ልብሱን እዚያው ሥራው ቦታ ለውጦ ቢመጣ ነው። ብናኙ ቤት የሚገባው በእግሩ አይደለም፤ በልብስ ተሸክመነው ነው።

የተከበራችሁ አባላት፤

ሕጉም ዝም አላለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 ሠራተኛ ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 92 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲያቀርብ፣ ስለ አጠቃቀሙም እንዲያስረዳ ያዛል፤ በአንቀጽ 93 ደግሞ ሠራተኛው የተሰጠውን በአግባቡ እንዲጠቀም ያዛል። ስለዚህ ተቀጥሮ የሚሠራ ልጅ ያለው አባል፣ መሸፈኛ መጠየቅ ልመና እንዳልሆነ ለልጁ ይንገረው።

ነገር ግን የእኛ ሰፈር ልጆች ብዙዎቹ ቀጣሪ የላቸውም። ሁለት ሦስት ሆነው፣ አንድ ግራይንደር በጋራ ገዝተው የሚሠሩ ናቸው። አሠሪውም ሠራተኛውም ራሱ ነው። ይህን ልጅ ማን ይጠይቅለት? ማን ይቆጣው?

እኛ ዕድሩ ነው እንላለን። «የዕድር ገንዘብ ለቀብር ነው» የሚል አሳብ እንደሚነሳ እናውቃለን፤ በደንባችንም ተጽፏል። ቢሆንም ያ የኤች አይ ቪ ዘመን ሲመጣ በአዲስ አበባ ብዙ ዕድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ ሲያስታምሙ፣ ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች ሲደግፉ አይተናል። «ቆሞ መቅበር ብቻ ምን ይሠራል?» ያሉ ሰዎች ነበሩ ይህን ያመጡት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው።

የምናቀርበው አሳብ ሦስት ነው።

አንደኛ፤ ድንኳን፣ ወንበርና ብረት ድስት ገዝተን ለአባል እንደምናውስ ሁሉ፣ ዕድራችን አንድ ደህና ማጣሪያ ያለው የብናኝ መምጠጫ ማሽን ገዝቶ በንብረት መዝገብ ያስገባ። ለአባላት ልጆች በአነስተኛ ኪራይ ይሰጥ። ኪራዩም ማጣሪያውን ለመለወጥ ይዋል። አንድ ልጅ ብቻውን የማይገዛውን ዕቃ ሦስት መቶ አባወራ መግዛት አያቅተውም፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባል የለ።

ሁለተኛ፤ ከተግባረ ዕድ አንድ አሠልጣኝ ተለምኖ በአንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ አዳራሽ፣ ሳይደርቅ መከርከምንና የአልማዝ ዲስክ አጠቃቀምን ለልጆቹ በተግባር ያሳይ። የእኛ ወሬ ብቻ አይበቃም፤ ያን ጊዜ እኛም የገባን ምላጩ ዓይናችን እያየ ሲደነዝዝ ነው።

ሦስተኛ፤ ልጁ በዚህ ሥራ ላይ ያለ አባል ሁሉ ለጸሐፊው ያስመዝግብ። ወንዶቹም ሴቶቹም ይመዝገቡ። የሚያስል ካለ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ሐኪሙንም ምን እንደሚሠራ ይንገረው። ሐኪም ካልነገሩት በግራይንደር ብናኝ ውስጥ እንደሚውል በምን ያውቃል?

የመጀመሪያውን አንድ ካርቶን ኤን 95 መሸፈኛ ከጡረታችን እንገዛለን። እባካችሁ አታጨብጭቡ፤ ስጦታ አይደለም። በ1981 ዓ.ም. ከአንድ ሰው ደመወዝ ተቆርጦ ያልተመለሰ 23 ብር አለ። ለባለቤታቸው ልንመልስ ብንጠይቃቸው «የእሱን ለልጆቹ አድርጉት» ብለውናል። በደረሰኝ ገቢ ሲሆን ስማቸው ይጻፍልን ብለን ጠይቀናል፤ ሰብሳቢያችንም ፈቅደውልናል።

ጋሼ በጋዜጣ ጠቅልለው ካመጧቸው ምላጮች አንዱ እጃችን ላይ ቀርቶ ነበር፤ ይኸው ዛሬ ይዘነው መጥተናል። ከስብሰባው በኋላ ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጠዋለን። ልጆቻችሁን ጠርታችሁ በጣታቸው እንዲዳስሱት አድርጉልን።